ከአንባቢ እጅ የነጠቅኩት መጽሔት

ውድ አንባቢያን፣ ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ። ሰው መናቅ ለሌላው አመል ነው፤ ለእኔ ግን ሙያዬ ነበር። ከጊዮርጊስ ተነስቼ ቁልቁል እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ስወርድ ያልናቅኩት ነገር ቢኖር የመብራት ምሰሶ ብቻ ነው፤ እሱንም አዲሶቹ ከተተከሉ ወዲህ ጀምሬው ነበር። ሰላምታ እንኳ ስሰጥ ግማሹን አስቀርቼ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያጠራቀምኩትን ንቀት አንድ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ መልሰው አስታቀፉኝ። እስካሁን ታቅፌው አለሁ።

ያኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ መጀመሪያ ካሴት፣ ኋላም ሲዲ ሸጫለሁ። ካሴት ሞተ፣ አልቅሰን ቀበርነው። ሲዲ ሞተ፣ ለቀብሩ ሰው አልመጣም። ቤቱ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሲሆን ባለቤቱ «ያው ያኔም ሽፋኑን አይተው ነበር የሚገዙት፤ ቀጥል» ቢለኝ፣ እሱን ንቄ፣ ሽፋኑን ንቄ፣ ደሞዙንም ንቄ ወጣሁ። ደሞዙን መናቄ ትንሽ ችኮላ ነበረበት። ባለቤቴን አስቴርን ስድስት ወር ታገሺኝ ብያት ይህ ታሪክ ሲሆን ስምንተኛው ወር ላይ ነበርን፤ ትዕግስቷም እንደ ሲዲው ነበር።

የወጣሁት የሙዚቃ መጽሔት ላቋቁም ነው። ሸሪኬ ኤርሚያስ ይባላል፤ በአስራ አምስት ዓመት ያንሰኛል፣ ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል፣ ያለ ነጭ ሰሌዳ ማሰብ አይችልም። መጽሔቱን «ሰባተኛው ክር» አልነው። ክራር ስድስት ክር ብቻ እንዳለው አውቃለሁ። ሰባተኛው ለተመረጠ ጆሮ ብቻ የሚሰማው ነው፤ ይህ የእኔ ሐሳብ ነበር፣ ስናገረውም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ኤርሚያስ በመጀመሪያው ስብሰባ «ለማን ነው የምንጽፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሚያነብ አልኩት። ሳቀብኝ። እንዲህ ተብሎ አይጀመርም፤ አንባቢ መጀመሪያ ይመረጣል፣ ይሳላል፣ ስም ይወጣለታል አለኝ። ሰሌዳው ላይ ክብ ሠርቶ መሃሉ ላይ «ናሆም» ብሎ ጻፈ። ናሆም ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቦሌ ነው የሚኖረው። ማኪያቶውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። ሰርግ ላይ አይጨፍርም፣ ጃዝ ሲሰማ ግን ጭንቅላቱን በቀስታ ይነቀንቃል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሁለት ጎልማሶች ሦስት ወር ሙሉ ይህ በሕይወት የሌለ ልጅ ምን ይወዳል፣ ምን ይከፋዋል ስንል ከረምን። ለወለድኳቸው ልጆቼ ያን ያህል አስቤ አላውቅም። አንድ ጽሑፍ ረዘም ካለ «ናሆም ይሰለቸዋል» እንላለን፤ አንድ የድሮ ሙዚቀኛ ስም ሲነሳ «ናሆም አያውቀውም» ብለን እንሰርዛለን።

ናሆም ከተወለደ በኋላ የቀረን አከፋፋይ ነው። ማተሚያ ቤቱ የመጀመሪያውን ቁጥር ጨርሶ አዘጋጅቶ፣ አከፋፋይ ይዛችሁ ኑና ማሽኑን ላስነሳ ብሎናል። እኔም ሆንኩ ኤርሚያስ ሌላ የምንሞክርበት አቅም አልነበረንም፤ ይሄ ካልሆነ እኔ ወደ ሞባይል ሽፋን፣ እሱ ወደ ሰሌዳው መመለሳችን ነው። ያገኘነው አቶ ጌታሁን የሚባል ሰው ነው። ቢሮው ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ጥግ ላይ ያለች ጠረጴዛ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ስልክ ይደረድራል፤ አንዱ ይጠራል፣ አንዱ አይጠራም፣ ሦስተኛው ለሁለቱ ግርማ ሞገስ ነው። ትላልቅ ሆቴሎችን፣ ሱፐርማርኬቶችንና የመጻሕፍት መደብሮችን የያዘ እሱ ነው።

አቶ ጌታሁን መጽሔታችንን አላነበበም። መዳፉ ላይ አስቀምጦ እንደ ቅቤ መዘነው። ከዚያ ሽታውን አሸተተ። ከዚያ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነግሮን ስልኩን አነሳ፦ «የኔ ዕቃ መንገድ ላይ አይውልም። ሆቴል ሎቢ ውስጥ ያለ ነገር አስፋልት ላይ ከተዘረጋ ሎቢው ይንቀዋል። ከናሙናችሁ አንዷ ቅጂ መንገድ ላይ ከታየች ውል የለም።» ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ልንፈራረም ተቀጣጠርን። ከዚያች ጠረጴዛ ተነስቶ ቀጥታ ወደ ኤርፖርት ነው፣ ሁለት ወር አይመለስም።

በሰውየው ንቀት ቀናሁበት። እንደዚያ አጥርቶ የሚንቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

መንገድ ያለው የጋዜጣ አከራዮችን ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ እነዚህ ሰዎች ጋዜጣና መጽሔት ዘርግተው ለሰዓት ያከራያሉ። ሰው ከፍሎ ደረጃ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ሲጨርስ አጥፎ ይመልሳል። አንዷ ቅጂ በቀን ሃያ ሰው ታስተናግዳለች፣ ለአሳታሚው ግን የተሸጠችው አንድ ጊዜ ነው። እኔ እነዚህን አንባቢዎች ታክሲ ውስጥ ተደርበው ከሚቀመጡ ተሳፋሪዎች ለይቼ አላያቸውም ነበር። መጽሔቴን እንዲነኩት አልፈልግም ነበር። ማተሚያ ቤቱ አስቀድሞ ያወጣልንን ሠላሳ ናሙና ለሠላሳ ትልልቅ ሰዎች ነው የላክነው፤ ለሥራ አስኪያጆች፣ ለባለሆቴሎች፣ ስፖንሰር ይሆናሉ ላልናቸው ባለሀብቶች። በእያንዳንዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ለክቡር አቶ እገሌ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ። አክብሮት የሚለውን ቃል ሠላሳ ጊዜ በመጻፌ ጣቴ አብጦ ነበር፤ ያልለመደው ነገር ነው።

ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ፣ ለሰርጌ ከገዛሁት ወዲህ ያልታሰረ ክራባት አስሬ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል አቀበቱን ልይዘው ስል፣ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ባለሰባት ክር ክራር አየሁ። በዓለም ላይ ሰባት ክር ያላት ክራር አንዲት ብቻ ናት፤ የእኔ ሽፋን ላይ ያለችው። አንድ መኪና ጠባቂ ይዟት ቁጭ ብሏል። አጠገቡ አንዲት ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልብስ ሰፊ ሌላ ክራር ይዛለች። ወረድ ብሎ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቅጂ ላይ ተደፍተዋል። ጥግ ላይ ኮታቸው የተተኮሰ አንድ ሽማግሌ አራተኛዋን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋታል።

አከራዩ ሰይድ ነው። አብረን ነው ያደግነው፤ ቤተሰቡ ከወሎ መጥተው እዚሁ ሰፈር የኖሩ ናቸው። ደንብ አስከባሪ እንዳያነሳው ዕቃውን ከተዘጋው ሱቅ በረንዳ ወዲያ አያሳልፍም።

«ሰይዶ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከላይ ወረደልኝ» አለና በአገጩ ፎቆቹን አሳየኝ።

ነገሩን ዘርዝሮ ነገረኝ። የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች ከቅርጫት ያወጡትን ወረቀት ለቆራሌ ይሰጣሉ፣ ቆራሌዎቹ ደግሞ የሚነበብ የሚመስለውን እየለዩ ለእሱ ያመጣሉ። አንዷ ቅጂ የታሸገችበት ላስቲክ ራሱ እንዳልተቀደደ ወላሂ ብሎ ማለልኝ፤ የቀደዳት እሱ ነው። ክቡራኑ አክብሮቴን ከእነ ላስቲኩ ነበር የጣሉት።

አራቱንም ልግዛህ አልኩት። ልትገዛ ትችላለህ አለኝ፣ አሁን ግን አይሆንም። ለምን ስለው እንደ ሕፃን ልጅ አየኝ።

«ሰው ለሰዓቱ ከፍሏል። ከአንባቢ እጅ ወረቀት አይነጠቅም፣ ታምሬ። እዚህ ሠፈር ደንብ ያልፈረሰበት የቀረው ይሄ ነው። ሲጨርሱ ውሰድ፤ እስከዚያው ካርቶን አለልህ።»

በክራባቴ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት እስኪደርስ አራት ሰዓት አለኝ፣ አራት ቅጂ ደግሞ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ አሰብኩ። ማንበብ እንዲህ ቀርፋፋ ሥራ መሆኑን የማያውቅ ሰው ነው ለካ መጽሔት የሚያቋቁመው።

መኪና ጠባቂው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው። መኪና ሲንቀሳቀስ ዓይኑን ከገጹ ሳያነሳ ያፏጫል፣ ሮጦ ሒሳቡን ተቀብሎ ይመለስና ያቆመበትን መስመር በጥፍሩ ይፈልጋል። አንዱን ጽሑፌን ለመጨረስ ከሃያ በላይ መኪና ሸኘ። ሲመልሰው እኔ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ለሰይድ እንዲህ አለው፦ «የጻፈው ሰውዬ ሙዚቃ አይወድም። ሙዚቃ የሚወድ ሰው ይሄን ያህል አይበሳጭም።» ሰይድ በጥርሱ እየሳቀ ቅጂዋን ወደ እኔ ወረወራት። አንድ።

ልብስ ሰፊዋ የሰርግ ዘፋኞችን ያዋረድኩበት ገጽ ላይ ነበረች። በዚያ ጽሑፍ እኮራበት ነበር፤ አንድም ዘፋኝ አጥንቱ አልተረፈለትም። እሷ ግን የሰርግ ቀሚስ ነው የምትሰፋው። እነዚህ ዘፋኞች ባይኖሩ ሰርግ የለም፣ ሰርግ ባይኖር እኔ የለሁም፤ ይሄ ሰውዬ ሚስቱን በዝምታ ነው እንዴ ያገባት ብላ ጠየቀች። እኔና አስቴር በሰርጋችን ቀን ጎህ እስኪቀድ ነው የጨፈርነው። ሁለት።

ተማሪዎቹ ደግሞ አንደኛው ፈጣን፣ ሁለተኛው ዝግተኛ ነበሩ። ፈጣኑ ገጹን ጨርሶ ሰማይ ሰማይ እያየ ጓደኛውን ይጠብቃል። ሲጨርሱ የተስማሙበት አንድ ነገር የሽፋኑ ክራር አንድ ክር እንደበዛበት ነው፤ የሣለው ሰው ክራር አይቶ አያውቅም አሉ። ሦስት። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው።

ሽማግሌው የሉበት። ማለቴ አሉ፤ ግን ገጽ አስራ አንድ ላይ ናቸው። ስመጣም ገጽ አስራ አንድ ላይ ነበሩ።

ሰይድ ተነሳ። ዙሁር ሰግጄ፣ በዚያው ቀምሼ ልመለስ አለኝ። «ዕቃውን አየት አድርግልኝ። አማና» ብሎ ትከሻዬን ነክቶኝ ሄደ። አማና አደራ ማለት ነው፤ በእነሱ ቤት ቀላል ቃል አይደለም። እኔም ያደግኩት እዚያው ስለሆነ አውቀዋለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ ለተመረጠ ጆሮ የሚጽፈው ሰውዬ፣ ክራባቱን አስሮ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያከራያል። አንዱ መጣና የትላንቱ አለ ወይ አለኝ፤ አንዷ ክፍት የሥራ ቦታ ያለበትን አምጣልኝ አለችኝ። ሰጠኋቸው። አንዱ እንዲያውም ከላይ እስከ ታች አየኝና አዲስ ነህ መሰለኝ ብሎ አጽናናኝ።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ።

«አባቴ፣ ጨረሱ?»

«ገና ነኝ ልጄ።»

«ገጹን አልገለጡትም እኮ። ከረፋድ ጀምሮ አንድ ገጽ ላይ ነዎት።»

«ሰዎች ሰላም እያልኩ ነው» አሉኝ።

ገጽ አስራ አንድ ላይ አንድ የድሮ ፎቶግራፍ ነበር። ከሚዘጋ ፎቶ ቤት ከካርቶን ሙሉ ፎቶ ጋር ያገኘሁት ነው፤ ለማሳመሪያ ነው ያስገባነው። ደረጃ ላይ የቆሙ አራት ሙዚቀኞች አሉበት። በቀኝ ጠርዝ በኩል ደግሞ የአምስተኛ ሰው እጅ ትታያለች፤ የትሮምቦን መሳቢያ የያዘች እጅ። ሰውየውን እኛ ነን የቆረጥነው፤ ለማስታወቂያ ቦታ አንሶን ነበር። ከሥሩ «ስማቸው ያልታወቀ ሙዚቀኞች» ይላል። ኤርሚያስ ያኔ እነማን ናቸው ሲለኝ፣ ናሆም አይጠይቅም ያልኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው በእርሳሳቸው ጫፍ ያችን መስመር ነኩ። «ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

እኔ ነኝ አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ጠይቀህ ነው?»

«ማንን?»

«እኔም እሱኑ ነው የምጠይቅህ፣ ማንን?» አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ቢቆጡ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። ያችን እጅ በእርሳሱ አሳዩኝና «ይህች የኔ ናት» አሉኝ። ከዚያ ራሳቸውን ትተው ወደ ሌሎቹ ሄዱ። ስማቸውን ጠርዙ ላይ ልጽፍላቸው እችል ነበር፣ ግን ወረቀቱ የሰይድ ነው፣ ሳላስፈቅደው አልነካም ብለው ነው እስካሁን እርሳሱን በባዶ የያዙት። ወረቀቱ የኔ ነው፣ ይጻፉ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ጻፉ፤ እንደ ኖታ የጠራ ጽሕፈት።

«ክላርኔቱን የያዘው በላይነህ ነው። ሁለት ጥርሱ ጎድሎ ነው የሚነፋው፤ ጥርስ እናስተክልህ ስንለው ድምፁን ልትገድሉት ነው ብሎ እምቢ አለ። ከበሮው ታደሰ። ዝናብ ሲመጣ ከበሮውን በካፖርቱ ሸፍኖ እሱ ይበሰብሳል። ታደሰ ሴት ልጅ አለችው፤ አባቷ ከበሮ መምታቱን ነው የምታውቀው፣ እንዴት ይመታ እንደነበር የነገራት የለም። ይሄን ብታየው…»

አንዱን ስም ጽፈው ወደ ሌላው ለማለፍ ጊዜ ይወስዳሉ። እያንዳንዱን ሰው ከነመሣሪያው፣ ከነካፖርቱ ካላመጡት አያልፉም። በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ወሬ ደሞዜን እሰጥ ነበር፤ ያኔ ደሞዝ ቢኖረኝ። ግን ስልኬ ይጮሃል። ኤርሚያስ ነው። አንደኛ ጊዜ፣ የት ነህ። ሁለተኛ ጊዜ፣ ሰውዬው ማኪያቶውን ጨርሷል። ሦስተኛ ጊዜ፣ ስልኮቹን እየሰበሰበ ነው፣ ታሜ፣ ሦስተኛውን ከቷል። አቀበቱ በእኔ እግር አስራ አምስት ደቂቃ ነው። ሰይድ አልተመለሰም። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መለከት የያዘ አንድ ረጅም ሰው፣ ሌላው ባርኔጣ የሌለው፣ ከፎቶው ውጭ ባለ ነገር የሚስቅ አጭር ሰው።

ጋሽ ወርቁ እርሳሱን ምላሳቸው ጫፍ ላይ አስነኩ። «ይሄ ረጅሙ ደግሞ…» አሉ።

ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት።

«ጋሽ ወርቁ፣ ሰኞ እመለሳለሁ» አልኳቸው። «ሰኞ ቁጭ ብለን ሁሉንም እንጽፈዋለን። አሁን ይህን መውሰድ አለብኝ።»

«ሁለት ሰው ነው የቀረው።»

«ሰኞ።»

«ከፍያለሁ እኮ» አሉኝ በዝግታ። «እስከ ስምንት ሰዓት።»

መጽሔቱን ያዝኩትና ሳብኩት። ይታገሉኛል ብዬ ክንዴን አጠንክሬ ነበር፤ በሕይወት ዘመኔ እንደዚያ በባዶ የጠነከርኩበት ጊዜ የለም። እጃቸው ወዲያው ነው የለቀቀው። ወረቀቱ እንዳይቀደድ ነው የለቀቁት። ካርቶኑን፣ የሰይድን ጋዜጦች፣ አማናውን ሁሉ ትቼ አራቱን ቅጂ በብብቴ ይዤ ስነሳ፣ ከኋላዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሰኞ በስንት ሰዓት?»

ዞር ሳልል፣ ክራባቴ እያነቀኝ፣ እንደ ፍየል አቀበቱን ወጣሁ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። ላቤ ክራባቴ ላይ ይንጠባጠባል። ኤርሚያስ በንዴት ሳይሆን በፍርሃት ገርጥቷል። አቶ ጌታሁን አራት ቅጂ መንገድ ላይ ወጥተው እንደነበር ሰምቷል፤ የዚህ ዓይነት ሰው ጽሑፍ አያነብም እንጂ ወሬ ቀድሞ ይደርሰዋል። አራቱንም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። ቆጠራቸውና «አራቱም ተነስተዋል፤ ይሁን፣ አልታዩም እንበል» አለ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳ ከመሃል ቀደዳቸው፤ ሁለተኛ እንዳይዘረጉ የሚደረግ የአከፋፋይ ወግ ነው ብሎ አስተማረን። አራተኛዋን ሲቀድ ገጽ አስራ አንድ ላይ የእርሳስ ጽሑፉ ሲከፈል አየሁት። በላይነህ ወደ ግራ፣ ታደሰ ወደ ቀኝ። አንድ ቃል ብናገር ይቆም ነበር። ፈገግ አልኩ። እንዲያውም «ጥሩ አደረጉ» ያልኩ ይመስለኛል። ፈረምኩ።

መጽሔቱ ታተመ። በየሆቴሉ ሎቢ፣ በየሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆመ። ከሦስት ወር በኋላ አቶ ጌታሁን ተመላሹን ላከልን፤ ላስቲኩ ላይ ከአቧራ በቀር የጣት አሻራ አልነበረበትም። እምላለሁ፣ ሬሳ እንኳ ከዚያ የበለጠ ይነካል። ናሆም አንድ ቅጂ አልገዛም። ኤርሚያስ ወደ ማስታወቂያ ድርጅቱ ሄደ፤ አሁን ለአንድ የጥርስ ሳሙና ናሆምን እየሳለለት ነው አሉ። አስቴር አልጋ ሥር የተደረደረውን ቁልል አይታ ዙሪያውን ጠርጋ አለፈች። ከስድብ ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ያቺ ሰኞ ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። ሰኞ ማተሚያ ቤት ነበርኩ። ማክሰኞ እርማት ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ለማስተባበል ብሞክር እናንተም አታምኑኝ። ወደ ሰይድ የሄድኩት ተመላሹ በመጣ ማግስት ነው፤ እሱም ሰው ፍለጋ ሳይሆን መጽሔቱን ላራግፍበት። ይሄን ያህል ነው ያኔ የነበርኩት።

ሰይድ ጋዜጣ እያጠፈ ነበር። ሰላምታዬን ሙሉውን ተቀበለኝ፣ ሲመልስልኝ ግን ግማሹን አስቀረብኝ። ከዚያ ያን ቀን ምን እንደሆነ ነገረኝ። ከሶላት ሲመለስ ካርቶኑ ላይ የተቀመጡት ጋሽ ወርቁ ናቸው። እኔ ጥዬው የሄድኩትን ዕቃ እሳቸው ሲጠብቁ ቆይተዋል፤ የተከራየውን ሒሳብ ሰብስበው፣ ጋዜጦቹን በመልክ በመልካቸው ደርድረው። ስለ እኔ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። ቸኩሎ ነው ብለው ብቻ ነገሩት።

«ሰኞ መጡ» አለኝ ሰይድ። «ሰዓቱን ስላልነገርካቸው ጠዋት መጥተው እስከ ማታ ዋሉ። ማክሰኞም መጡ። ሁለት ሳምንት ነው የተመላለሱት። ከዚያ አፍንጮ በር ያለው ቤታቸው ሊፈርስ ሆኖ ወደ ዳር ተነሱ። የት እንደደረሳቸው አላውቅም።»

ፈለግኳቸው። አራት የኮንዶሚኒየም ሰፈር ዞሬ፣ ትሮምቦን የሚነፉ አዛውንት ታውቃላችሁ እያልኩ በየብሎኩ ጥበቃ ጠየቅሁ። አንዱ ጥበቃ ትሮምቦን የምግብ ዘይት መስሎት ሱቁን አሳየኝ። በአምስተኛው ሰፈር የአንድ ወርቁን ቤት አሳዩኝ፤ የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው፣ በሩን ከፍቶ ደነገጠ። እስካሁን አላገኘኋቸውም። ሞተዋል ያለኝም፣ አሉ ያለኝም የለም።

እናንተዬ፣ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ንቀቴን አልተውኩም። አድራሻውን ነው የቀየርኩት። ድሮ መንገድ ላይ የነበረውን አሁን ቤቴ አስገብቼዋለሁ፣ ከእኔው ጋር ነው የሚኖረው። አንባቢን የሚመርጥ ጸሐፊ ሳይ ግን አሁንም አልችልም፤ እስቃለሁ። አንባቢ አይመረጥም። እሱ ነው ዝናብ ሳይል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እናንተን የሚመርጣችሁ፣ ከቸኮላችሁም ዕቃችሁን የሚጠብቅላችሁ። አከፋፋይ የምትመርጡም ካላችሁ ምክሬ አጭር ነው፤ መጽሔቱን የሚመዝነውን ሳይሆን እስኪነበብ የሚጠብቀውን ያዙ።

አሁን የማወጣው ባለ አራት ገጽ ወረቀት ነው፣ ስምም የለው። በየወሩ ከዚያ ከፎቶ ቤቱ ካርቶን አንድ ፎቶግራፍ አወጣለሁ፣ ከሥሩ ባዶ መስመር እተዋለሁ። ሰይድ ዘንድ ብቻ ይገኛል፤ አይሸጥም፣ ይከራያል፣ እርሳስ ታስሮበታል። የበላይነህ ልጆች ተገኝተዋል። የታደሰ ሴት ልጅ ጉለሌ ነው የምትኖረው፤ ስለ ካፖርቱ ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ደግመህ ንገረኝ አለችኝ።

ሁለቱ ግን እንደቀሩ ናቸው። አንዱ ረጅም ነው፤ መለከቱን በግራ እጁ ነው የያዘው፣ የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ የለም። አንዱ አጭር ነው፤ ባርኔጣ አላደረገም፣ ሁሉም ወደ ካሜራው ሲያዩ እሱ ብቻ ወደ ጎን ዞሮ ይስቃል፤ በዞረበት በኩል ያለችው እኛ ባለቤቷን የቆረጥንባት እጅ ናት። ጋሽ ወርቁ ምን ብለውት እንደሚስቅ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከመሃላችሁ ስማቸውን የሚያውቅ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው የሚያውቅ ካለ፣ ቢያረዝመው እንኳ ግድ የለኝም። ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።